ከዓይን የተሠወረው የባቡር ድልድይ ሥራ

ከዲላ ተነሥተው በሐዋሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎቻችን ቃሊቲ ሲደርሱ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ ያገኙታል። ወደ መሐል ከተማ ሲዘልቁ ሐዲዱ በአርማታ ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ መኪናና እግረኛ እያሳለፈ ይሄዳል። የምሥራቅ ምዕራቡና የሰሜን ደቡቡ መስመሮች ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ ዕድንና ልደታን በሚያገለግለው፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የጋራ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ የሚደርስ ጉዳት ሁለቱንም መስመሮች ያውካል።

ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። በግንባታው ዓመታት የሥራው ሂደት የሚነገረን በመቶኛ ነበር። መቶኛው ለክፍያ ሒሳብ ይጠቅም ይሆናል፤ ድልድዩ ምን ያህል መሸከም እንደቻለ ግን አይገልጽም።

የመጀመሪያው ሥራ ከመሬት በታች ነው። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ የምሰሶው ጭነት ከዚያ አፈር አልፎ ወደ ጠንካራው ንጣፍ መውረድ አለበት። አላፊ አግዳሚው ለወራት የሚያየው አጥርና ጭቃ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አርማታው ይሞላል። አርማታ የሚጠነክረው በመድረቁ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ኬሚካዊ ውሕደት ሲፈጥር ነው የሚጠነክረው፤ ውሃ የሚጠጣውም ስለዚህ ነው። ጥንካሬው በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ ድጋፉን ያለ ጊዜው ማንሣት ከሥር ለሚሠሩትም ሆነ ለሚያልፉት አደገኛ ነው።

አሁን በምሰሶዎቹ መካከል የሚጋደመውን ተሸካሚ እንመልከት። በጌዴኦ ተራሮች መካከል በሚወርድ ጅረት ላይ የተጋደመ ግንድን እናስብ። ሰው መሐሉ ላይ ሲቆም ግንዱ ይጎብጣል፤ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ጭነቱ በየሜትሩ እኩል ከሆነ፣ የተሸካሚው ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ የማጉበጥ ኃይሉ 4 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ ካልተለወጠ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይደርሳል! አርማታ መጨመቅን አጥብቆ ሲቋቋም፣ ለመለጠጥ ያለው አቅም ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ድልድዮች ውስጥ ጠንካራ የብረት ገመዶች ተወጥረው ይታሠራሉ። ገመዶቹ ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው ለመመለስ ሲጥሩ አርማታውን አስቀድመው ይጨምቁታል። ደብተሮችን በአግድም ደርድረን ከሁለቱ ጫፍ በእጃችን ብንጫን ሳይወድቁ ልናነሣቸው እንችላለን፤ ምሥጢሩ ተመሳሳይ ነው። ገመዱ የሚወጠርበት ዕለት የተሸካሚውን ብርታት ይወስናል፤ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ግን በዚያ ቀን የተለወጠ ነገር የለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሙቀት ነው። የአርማታ ርዝመት በያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ100,000 አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። ብረትም ከዚህ ብዙም በማይለይ መጠን ይለጠጣል፤ ባይሆን ኖሮ ፌሮና አርማታ አብረው መሥራት ባልቻሉ ነበር። 30 ሜትር የሚረዝም ተሸካሚ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የጋራው ድልድይ ወጥ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ጭማሪው 54 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። ስለዚህ በተሸካሚዎቹ ጫፎች ክፍተት ይተዋል፤ ከሥራቸውም እንቅስቃሴን የሚፈቅድ ማረፊያ ይደረጋል።

ድልድይ ከተመረቀ በኋላ በቅድሚያ ሊመረመሩ የሚገባቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ እነዚህ ክፍተቶችና ማረፊያዎች ናቸው። ክፍተቱ በአፈርና በቆሻሻ ከተደፈነ፣ በቀን የሚረዝመው ተሸካሚ ጎረቤቱን ይገፋል። ማረፊያው ከተጣበቀ ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መኮማተር ያቅተዋል። ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረ አርማታ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 6 ሜጋ ፓስካል ያህል የመለጠጥ ጫና ይፈጠርበታል። አስቀድሞ ያልተጨመቀ መደበኛ አርማታ ሊቋቋም የሚችለው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

መልመጃ፦ ከላይ የጠቀስነው የ30 ሜትር ተሸካሚ ጫፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ቢቀርና ርዝመቱ የሚጨምረው በዚያ ጫፍ በኩል ብቻ ቢሆን፣ ሙቀቱ በስንት ዲግሪ ሲጨምር ጎረቤቱን መግፋት ይጀምራል?