የጤና ጣቢያን ዳታቤዝ ወደ አዲስ ሰርቨር መመለስ

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ የሚወጣው መንገድ የጄልዱ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ጎጆ ያደርሳል። እዚያም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት የሚገባው በዲኤችአይኤስ 2 ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጋር አስማምቶ በአገር ደረጃ ዘርግቶታል። ሲስተሙ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ማሽኑ በመብራት መቆራረጥ ከተቃጠለ፣ የክትባቱንና የወሊዱን ቁጥር የሚያተርፈው ባክአፑ ነው።

አዲሱን ማሽን ከመክፈትዎ በፊት ባክአፑ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙዎች በፒጂ ደምፕ የወጣውን የዳታቤዝ ፋይል ብቻ ይይዛሉ፤ አይበቃም። ዲኤችአይኤስ ዶት ኮንፍ የተባለው የማዋቀሪያ ፋይልና የተጫኑ ሰነዶች የሚቀመጡበት ፎልደርም አብረው መምጣት አለባቸው። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የማዋቀሪያው ፋይል ነው። የማመስጠሪያው የይለፍ ቃል የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነውና፣ እሱ ከጠፋ ዳታቤዙ በሙሉ ቢመለስም የተመሰጠረው መረጃ አይነበብም።

ቀጥሎ በባክአፑ ጊዜ ይሠራ የነበረውን የዲኤችአይኤስ 2 ቨርዥን ራሱን ይጫኑ። አዲስ ቨርዥን ሲነሳ የዳታቤዙን ሠንጠረዦች ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም። ማሻሻሉ ሌላ ቀን ይደርሳል። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፖስትግሬስ ግን ከድሮው እኩል ወይም የበለጠ አዲስ ይሁን።

ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራበትን ቶምካት ያቁሙ። ተጠቃሚና ባዶ ዳታቤዝ ይፍጠሩ፤ ፖስትጂአይኤስን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያክሉ፤ ያለ እሱ የጤና ተቋማቱ የካርታ መገኛ አይገባም። ፋይሉ ተራ የኤስኪውኤል ጽሑፍ ከሆነ በፒኤስኪውኤል፣ በከስተም ፎርማት የወጣ ከሆነ በፒጂ ሪስቶር ይመልሱት። በመመለሱ ጊዜ የሚወጡትን መልእክቶች ፋይል ላይ አስቀምጠው የመጀመሪያውን ስህተት ያንብቡ፤ ተከታዮቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ መዘዝ ናቸው።

የማዋቀሪያውን ፋይልና የሰነዶቹን ፎልደር በቦታቸው ያስገቡ፤ የአዲሱን ዳታቤዝ ስምና የይለፍ ቃል ያስተካክሉና ቶምካትን ያስነሱ። ሠንጠረዡና ግራፉ ባዶ ቢሆኑ አይደንግጡ። የአናሊቲክስ ሠንጠረዦች እንደገና ሊሠሩ ስለሚችሉ ብዙ ጊዜ ከባክአፕ ይቀራሉ፤ ከዳታ አስተዳደሩ ገጽ ያስሠሯቸው።

ያለ ስህተት ተነሳ ማለት መረጃው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ማኅተም ያረፈበትን የወረቀት ሪፖርት ያውጡና የጥቂት ወራትን የወሊድና የፔንታ 3 ክትባት ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የመጨረሻውን ወር አይዝለሉ፤ ባክአፑ የት ላይ እንደቆመ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የጎደለው ከወረቀቱ ዳግም ይገባል። በአስተዳዳሪው ስም ብቻ ሳይሆን ሪፖርት በሚያስገባው ባለሙያ ስምም ገብተው ይሞክሩ።

ይህ ሁሉ ሳያልቅ የድሮውን ዲስክ ማንም እንዳያጠፋው። ባክአፑ የመጣበትን ፍላሽ ግን በኪስ አይዙሩበት፤ የታካሚ መረጃ ሊኖርበት ስለሚችል ቅጂውን አመስጥረው ከጤና ጣቢያው ውጭ በሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡ።