ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር ለናፍታ ፒካፕ፤ በሳቢያን ከደረሰብን የተወሰደ ትምህርት

በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ የሚወጣ ሰው የደንገጎን ዳገት በሚገባ ያውቀዋል። ምእመናን የጫኑ ፒካፖች በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ጠመዝማዛውን ሲወጡ፣ ከአንዳንዶቹ የጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከኋላ የሚከተለውን ሁሉ መስኮት ያዘጋዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ካጨሱት አንዱ በሳቢያን ለልማት ሥራ የምንገለገልበት የእኛው ፒካፕ ነበር። ዳገቱን በጭንቅ ወጣ፤ ከበዓሉ በኋላ ግን ጥቁሩ ጭስ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፤ ዘይት መጨመር የየሳምንቱ ሥራ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋትም ሞተሩ በግድ የሚነሣ ሆነ። ሲፈታ የፒስተኖቹ ፋሻ ተበልቷል፣ የሲሊንደሩም ግድግዳ በቁመቱ ተጭሯል። ሞተሩን ለማደስ ያወጣነው ገንዘብ ለዘርና ለችግኝ ግዥ ተይዞ የነበረ ነው። መኪናው በቆመባቸው ወራት በመልካ ጀብዱና በጀልዴሳ አቅጣጫ የሚጠብቁን ሰዎች መጠበቃቸውን አላቋረጡም።

ይህን የምንጽፈው በየአጥቢያው ፒካፕ የተረከባችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶች ከእኛ ስሕተት ሳትከፍሉ እንድትማሩ ነው። መካኒክ መሆን አይጠበቅባችሁም። ኮፈኑን ከፍቶ መጠየቅና የተመለሰውን መልስ መመዘን ግን ንብረቱን በአደራ የያዘ ኮሚቴ ሁሉ ሊችለው የሚገባ ነገር ነው።

የጥፋቱ መነሻ መልካም አሳብ ነበር። መኪናው በሙቀት ጊዜ ጉልበት ያንሰዋል የሚል ቅሬታ ከሾፌራችን ሲቀርብ፣ አንድ ጋራዥ ከፋብሪካ የመጣውን የማጣሪያ ሣጥን አውጥቶ በምትኩ ክፍት የሆነ የሾጣጣ ቅርጽ ማጣሪያ ከኮፈኑ ሥር እንድናስገጥም መከረን። «ቀዝቃዛ አየር ይስባል» ተባልን። ድምፁ ጎላ፤ እኛም የድምፁን መጉላት የጉልበት መጨመር አድርገን ወሰድነው። ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡሩ ወርክሾፕ ትውልድ ሙሉ መካኒክ ያፈራች ከተማ ናት። የሚጠየቅ ሰው ሞልቶ ሳለ አንድ ምክር ብቻ ሰምተን መወሰናችን የራሳችን ጥፋት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። የናፍታ ሞተር ከአየር ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ሰው ከሚገምተው የሰፋ ነው። ቱርቦ የሌለው ባለ3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሽከረከር በደቂቃ ወደ 3,000 ሊትር አየር ይስባል። በሰዓት ሲታሰብ 180 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ የሚይዘውን አየር ሁሉ ማለት ነው። ከነአቧራው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየሩን መግቢያ ያጠባል፤ የተለመደው የናፍታ ሞተር ግን ባዶም ሆነ ተጭኖ ሳለ የሚስበውን አየር አይቀንስም። ስለዚህ የማጣሪያ ቀዳዳ በናፍታ ሞተር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ፋታ የለውም።

አንድ ሊትር ናፍታ በሚገባ እንዲቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ በተግባር ከዚያም በላይ ይሰጠዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝና ሞቃት ከተማ በመሆኗ እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ወደ 1 ኪሎ ግራም ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በደንገጎ አናት ላይ ሞተሩ ያንኑ ያህል ሊትር ስቦ የሚያገኘው ክብደት ከዚህም ያነሰ ነው። ሙቀትም እንደዚሁ ያሳሳዋል፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ አየሩ 3 በመቶ ያህል ይቀላል። በግንቦትና በሰኔ የሳቢያን ጥላ ራሱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ከራዲያተሩ ጀርባ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው አየር 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ከውጭው አየር ይልቅ ከ7 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ክፍት ማጣሪያ ከኮፈን ሥር ሲቀመጥ የሚስበው ይህንኑ የጋለ አየር ነው። «ቀዝቃዛ አየር» ተብሎ የተሸጠልን ሙቅ አየር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጥቅሙ መጠን ማጋነን አይገባም። በናፍታ ሞተር ጉልበቱን የሚወስነው ፓምፑ የሚረጨው ነዳጅ ነው። ቀዝቃዛ አየር ያንኑ ነዳጅ በሙሉ ለማቃጠል፣ ጥቁሩን ጭስ ለመቀነስና የሞተሩን ሙቀት ለማርገብ ይረዳል፤ ፒካፑን ሌላ መኪና አያደርገውም። ስለዚህ አየሩ ከተስተካከለ በኋላ «ፓምፑን ትንሽ እንክፈተው» የሚል አሳብ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉት። ቀዝቃዛ አየር የሞተሩን ጉልበት ይረዳል፣ ንጹሕ አየር ዕድሜውን ይጠብቃል፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዕድሜው ይቅደም እንላለን።

አቧራው ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይጠነክራል። በዓይን የሚታየው ደረቅ አሸዋ እምብዛም አያሳስብም፤ ማጣሪያው በቀላሉ ይይዘዋል። ጎጂው ከጠጉር ውፍረት ብዙ እጥፍ የቀጠነው፣ የደቻቱን ደረቅ የወንዝ አልጋ ስንሻገር በጸሐይ ብርሃን ብቻ ሲንሳፈፍ የምናየው ብናኝ ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ራሱ እጅግ ስስ በመሆኑ፣ ይህ ብናኝ ዘይቱን አልፎ ብረት ከብረት ጋር ያስሞርዳል። ሾፌሮቻችን ዲፕራተር የሚሉት የወረቀት አየር ማጣሪያ ደኅና ሲሆን ከሚመጣበት አቧራ ከመቶው ከ99 በላይ ይይዛል። ዘይት የተቀባ የጨርቅ ወይም የመረብ ማጣሪያ የበለጠ ያሳልፋል፤ የሚያሳልፈውም በአብዛኛው ያንን ጎጂ ብናኝ ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ መኪና የማይታይ ልዩነት በሽንሌ መንገድ ላይ ሞተር ያስከፍላል።

በእድሳቱ ጊዜ ያደረግነው የመጀመሪያው ነገር የፋብሪካውን ሣጥን መመለስ ነበር። እንደ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ባሉ ፒካፖች ሣጥኑ አየር የሚስበው ከኮፈኑ ውጭ፣ ከጎማው በላይ ካለው ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ይስብ ዘንድ አስቀድሞ ታስቦበታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሚገኘው ሣጥኑን ከፓራፋንጎው ጋር የሚያገናኘው አጭር የጎማ ቱቦ ነው። አንዱ ጋራዥ ፈትቶት ይረሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። እባካችሁ ዛሬውኑ ኮፈኑን ከፍታችሁ ይህ ቱቦ መኖሩን አረጋግጡ። ጭስ ማውጫው ወደ ሣጥኑ የቀረበ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው አንድ ቁራጭ ላሜራ፣ ሁለቱንም ሳይነካ፣ ማቆም ሙቀቱን በእጅጉ ይከለክላል። ይህን ማንኛውም ብረት ሠራተኛ ይሠራዋል።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከበደው ጉዳይ ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው መንገድ መታተሙ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ያለ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ የማጣሪያውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ታደርጋለች፤ ሞተሩ ያልተጣራ አየር በቀጥታ ይስብባታልና። የጎማ ቱቦው በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በእጥፋቱ ውስጥ ስለሚደበቅ ቱቦው ካልተለጠጠ አይታይም። ፋሼታው ይላላል። የሣጥኑ ክዳን መያዣ አንዱ ይሰበርና በሽቦ ይታሰራል። እኛ የምንጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቱቦውን ከማጣሪያው ወዲያ ከፍተን ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እንጠርጋለን። ጨርቁ ላይ አቧራ ከታየ የሚያስገባ ቦታ አለ። ቦታውን ለመለየት በየመጋጠሚያው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እጅግ ስስ ግራሶ ቀብተን ሁለት ሦስት ቀን በአቧራ መንገድ ከተነዳ በኋላ እናየዋለን፤ አቧራው የተለጠፈበት መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። አንዳንዶች ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን ወይም ማስነሻ ጋዝ በመርጨት ቀዳዳ ይፈልጋሉ። በናፍታ ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ያንን እንደ ነዳጅ ስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊሮጥ ይችላል።

ስለ ማጽዳት የምንለው ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል፤ ማጣሪያ አብዝቶ ማጽዳት ይጎዳል። በወረቀቱ ላይ የሚጋገረው ስስ አቧራ ራሱ ተጨማሪ ማጣሪያ ይሆናል፤ አዲስ ማጣሪያ ጥቂት ከሠራ በኋላ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የተሻለ ያጣራል። ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ከክዳኑ ላይ አቧራ ወደ ንጹሑ ክፍል ይረግፋል። የእኛ ሾፌር በትጋት፣ በየጉዞው ማግሥት፣ ማጣሪያውን ጎሚስታ ቤት ወስዶ ያስነፋው ነበር። ትጋቱን አመስግነናል፤ ግን የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግፊት ወረቀቱን በማይታይ ሁኔታ ይበሳዋል። መንፋት ግድ ከሆነ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከወረቀቱ ራቅ ተደርጎ ይሁን። ወረቀት በውኃም ሆነ በናፍታ አይታጠብም። ከተነፋ በኋላ የእጅ ባትሪ በውስጡ አብርቶ በጨለማ ማየት ያስፈልጋል፤ እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ከታየች ማጣሪያው አብቅቷል።

ታዲያ መቼ ይለወጥ? ኪሎ ሜትር ቆጥሮ መለወጥ በአስፋልት ለሚሄድ ይስማማል። ከቢዮ አዋሌ በአቧራ ውስጥ የተመለሰ 100 ኪሎ ሜትርና በኮንክሪት መንገድ የተነዳ 100 ኪሎ ሜትር ግን አንድ አይደሉም። ከሣጥኑ ወዲያ የማመልከቻ ቀዳዳ ያለው መኪና ከሆነ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው፣ እንደ ዋንጫ ወደ ታች ተጎንብሶ በተንጠለጠለና እስከ ግማሹ ቀለም ያለው ውኃ በያዘ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ መለካት ይቻላል። አንዱን ጫፍ ከቀዳዳው ጋር አገናኝቶ ሌላውን ክፍት በመተው፣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ በሁለቱ ክንዶች ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ማጣሪያው የቱን ያህል እንዳነቀው ይናገራል። አዲስ ማጣሪያ በገባ ቀን የተገኘውን ቁጥር መዝግቡ፤ በኋላ በዚያው ዙር እየለካችሁ ከዚያ ጋር አስተያዩት፤ የመኪናው መጽሐፍ ወሰን ከሰጠም በእርሱ ሂዱ። ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ቱቦው ረጅም ይሁን፣ ከቀዳዳውም ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ቱርቦ ያለው ሞተር ሳይጫን የሚስበው አየር ስለሚያንስ ይህ መለኪያ ለእርሱ ሙሉ ሥዕል አይሰጥም።

በመጨረሻ ገንዘብ ሲገኝ የጨመርነው ስኖርክል ነው፤ ከፓራፋንጎው ተነሥቶ በንፋስ መከላከያው ጎን እስከ ጣሪያው የሚወጣ የአየር ቱቦ። ዋና ጥቅሙ ከጎማ የሚነሣው አቧራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድና አየሩም ከሞተሩ ሙቀት የራቀ ስለሆነ ነው። መጋጠሚያዎቹ በሲሊከን ካልታተሙ ግን ሌላ ቀዳዳ ገዛችሁ ማለት ነው። አንዳንድ ወጣቶች ስኖርክል ያለውን ፒካፕ ለጎርፍ የተሠራ አድርገው ያዩታል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን መውሰዱን የምናውቅ የድሬዳዋ ሰዎች ይህን አሳብ በዝምታ አናልፈውም። ጎርፍ መኪናውን ከነሰዎቹ ያነሣዋል፤ ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ ደግሞ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ ያጣምማል። ወንዙ ሲሞላ ይጠበቃል።

ስኖርክል ለመግዛት ያልቻለ አጥቢያ ያለ ወጪ የሚያደርገው ነገር አለ። በአቧራ መንገድ ሌላ መኪና ሲከተሉ አቧራው እስኪረግፍ ርቀት መጠበቅ ለማጣሪያው ትልቅ እረፍት ነው። ይህን በሾፌሩ መመሪያ ውስጥ አስገብተነዋል፤ ለቁልቢም ሆነ ለሥራ በጓድ ስንሄድ ሁሉም ተራርቆ ይሄዳል።

አሁን ከመኪናው መዝገብ ጋር አንድ ተጨማሪ ገጽ አለን። ማጣሪያው የገባበት ቀን፣ የውኃው ልዩነት፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ መውጣት አለመውጣቱና የፈተሸው ሰው ፊርማ በየወሩ ይሰፍርበታል። በኮሚቴው ስብሰባም ከሒሳቡ ጋር ይነበባል። ትርፍ ማጣሪያ በካርቶኑ እንደታሸገ በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ስንገዛም የላስቲክ ከንፈሩ ለስላሳና ዙሪያውን ያልተቆረጠ መሆኑን እናያለን፣ በሣጥኑም ውስጥ ዙሪያውን መግጠሙን እንሞክራለን። ያገለገለውን ማጣሪያ ወረቀቱን በቢላዋ ቀደን እንጥለዋለን፤ አለዚያ ተነፍቶ ተመልሶ እንደሚገባ ከአንድም ሁለት ጊዜ አይተናል።