የጋፋት መድፍ በጌም ውስጥ

ሁለት ዓይነት ምናብ

ተማሪዎቻችን ዘንዶና ጠንቋይ ያለበትንም፣ የጠፈር መርከብ ያለበትንም ጌም «ፋንታሲ» ይሉታል። ፋንታሲ ዓለሙን የሚያቆመው በአስማትና በተረት ሕግ ነው። ሳይንሳዊ ልብወለድ ግን «ይህ ቢሆንስ?» ብሎ ይነሳና ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በምክንያት እየተከተለ ይሄዳል። ወደ ኋላ ዞሮ «ያ ጦርነት በሌላ መንገድ ቢያልቅ ኖሮስ?» ሲል ደግሞ አማራጭ ታሪክ ይባላል። እኛን የእብናትና የደብረ ታቦር ልጆችን የሚነካን ይኸኛው ነው።

ሴባስቶፖል በስክሪንና በሜዳ

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 የተባለው ጌም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ክፍሉ ኢትዮጵያን አስገብቷል። ከጦር መሣሪያዎቿ አንዱ ሴባስቶፖል ነው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን መሪነት የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ።

በጌሙ ተጫዋቹ ሀብት ካለው መድፉ በአፍታ ተሠርቶ ይወጣል፤ ወደ ጠቆመውም ይሄዳል። እንግሊዝን ገጥሞ ማሸነፍም ይችላል። እውነተኛው ጉዞ ሌላ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አፄ ቴዎድሮስ እንግሊዞችን ወደ ገጠሙበት መቅደላ አምባ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መድፉ ሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በገመድ ይጎትተዋል። ከፊት ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ መንገድ ይወጣለታል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ሰው አይነገረውም። ያ ሁሉ ልፋት አልፎ መድፉ መቅደላ ላይ የታሰበለትን አላደረገም። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው።

ጌሙ የሰጠን፣ ያስቀረብን

ስለ ጋፋት ሰምቶ የማያውቅ የሩቅ አገር ወጣት ሴባስቶፖልን በስሙ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ንግሥት ዮዲትም በዚያው ጌም ሁለተኛ ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. የራሷን ዘመቻ አግኝታለች። ነገር ግን ጌሙ የተኩሱን ኃይል ወስዶ መንገዱን ትቶታል። ለእኔ ታሪኩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ገመድ የጎተተው ሰው ስሙም ላቡም ስክሪኑ ላይ የለም፤ ጌም ደግሞ የማይቆጥረውን ነገር ተጫዋቹ ዋጋ አይሰጠውም።

በራስ እጅ ሲሠራ

የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 እ.ኤ.አ. ኦሪዮን የተባለውን ጌም ሲያወጣ ፋንታሲውን ያዋቀረው ከአፍሪካ ተረትና ባህል ነው። በአገራችን ቅኔ ጌምስ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉን፣ ከዚያም ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። በሥዕል ታሪክ በኩል ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ጀግና አለ። ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው፤ የደጋውን ተረትና ታሪክ የነካ ግን ብዙም አላየሁም።

ለሚመጣው ሳምንት

በቡድን ሆናችሁ የአንድ ጌም ሕግ በወረቀት ላይ ጻፉ። ተጫዋቹ የሚያዝዘው መንገድ ሠሪውን እንጂ መድፉን አይደለም። ስንት ሰው ይጎትታል? ስንቁ ከየት ይመጣል? በየቀኑ ስንት ርቀት ይኬዳል? እንግሊዞች ከባሕር ዳርቻ እየገሠገሡ ነውና ጊዜውንም ቁጠሩት። በመጨረሻም «ሴባስቶፖል አንድ ወር ቀድሞ መቅደላ ቢደርስ ኖሮስ?» የሚለውን መልሳችሁን ከነምክንያቱ አምጡ።