ክሊክ የጠፋበት ካርታ

ባሕር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው ወጣት ለእረፍት እንፍራንዝ ስትመጣ፣ ላፕቶፗን ይዛ ጡረታ ወደወጡ የፕሮግራሚንግ መምህር ቤት ሄደች። በጃቫ ስዊንግ የሠራችው የጣና ካርታ ደሴት ላይ ክሊክ ሲደረግ የገዳሙን ስም ማሳየት አለበት። ለእርሷ ይታዘዛል፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጠው አያቷ ግን አንዳንዴ ዝም ይላል።

«ጋሼ፣ አያቴ እኮ ደቅ ደሴት ላይ ነው የተጫኑት። ለምን አልሰማቸውም?»

«የትኛውን ኢቨንት ነው የምትጠብቂው?»

«ማውስክሊክድን።»

«ችግሩ እዚያ ነው፣ ልጄ። ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ካሳየው ጀምሮ ማውስ የሚናገረው ያንኑ ነው፤ መንቀሳቀሱን፣ ቁልፉ መጫኑንና መለቀቁን። ክሊክን ከእነዚህ የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው። ጃቫ ክሊክ የሚለው ቁልፉ በተጫነበት ቦታ ላይ ሲለቀቅ ነው። የአያትሽ እጅ በመሃል ከተንሸራተተ ጎተቱ ብሎ ማውስድራግድን ይልክልሻል፤ ክሊኩ ይቀራል። መጫኑና መለቀቁ ግን ደርሰውሽ ነበር፤ አላዳመጥሻቸውም።»

«ታዲያ ልክ ሲጫኑ፣ ማውስፕረስድ ላይ ልክፈተው?»

አዛውንቱ አልተስማሙም። «ሰውየው ሐሳቡን ቢለውጥስ? የትኛውም ፕሮግራም ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ፣ ሳትለቂ ጠቋሚውን ወደ ውጭ ብታወጪው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጸምም። ሲጫኑ የትኛው ደሴት እንደሆነ ያዢ፤ ሲለቁ ያው ደሴት ከሆነ ክፈቺ። በመሃል ቢንሸራተትም ችግር የለም።»

ለሚንሸራተት እጅ የሚደረግ ይህ ጥንቃቄ ብዙ ፕሮግራም ውስጥ ይጎድላል። እጁ የረጋ ወጣት የሠራውን እጁ የረጋ ጓደኛው ብቻ ከሞከረው ጉድለቱ ሳይታይ ያልፋል፤ ዳፋው የሚተርፈው ለአያቶች ነው።

«ከመስኮቱ ውጭ ወጥተው ቢለቁስ?»

«ያንንም ትሰሚያለሽ። መጫኑ የተጀመረበት ክፍል መለቀቁም ይነገረዋል። ነጥቡ ደሴት ውስጥ ስለማይሆን ምንም አትከፍቺም። ለመሆኑ ደሴቱን በምን ትለዪዋለሽ?»

«ዙሪያውን በአራት ማዕዘን።»

«እንግዲያው ጥጉ ላይ ያለው ውሃም ደቅ ነኝ ይላል! ዳርቻውን ተከትለሽ ፖሊጎን ሥሪ፤ ከዚያ ነጥቡ ውስጡ መሆኑን በኮንቴይንስ ጠይቂው።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «ናርጋ ሥላሴስ? እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት እዚያው ደቅ ላይ ነው። እርሷ ላይ ስጫን ሁለቱም አዎ ይላሉ።»

«ከላይ የሚታየው መጨረሻ የተሳለው ነው። ስትፈትሺም ከዝርዝሩ መጨረሻ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ፤ የመጀመሪያው አዎ ሲል አቁሚ።»

ናርጋን ከደቅ ቀጥላ አስገባችና ሉፑን ገለበጠችው። ዳጋ እስጢፋኖስን እንዳለ ተወችው፤ እርሱ ለብቻው ደሴት ነው።