ምግባችንን የሚመርጥልን ማን ነው?

ለመምህራንና ለከተማ አንባብያን የተዘጋጀ ትምህርት

ማናቸውም ሰው «ይህን ምግብ ለምን መረጥህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «ስለሚጥመኝ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። ምግብ ከገበያ ተነሥቶ አፍ እስኪደርስ ድረስ በብዙ በር ያልፋል። በየበሩም ዋጋ፥ የቦታ ቅርበት፥ የቤት ልማድ፥ የሃይማኖት ሥርዓት፥ የጓደኛ ምሳሌነትና ፍርሃት ቆመው አንዱን ያስገባሉ፥ ሌላውን ይመልሳሉ። ሰው ራሱ የመረጠ ሲመስለው ብዙውን ጊዜ ምርጫው አስቀድሞ ተፈጽሞ ይገኛል።

ይህን ነገር መርምሮ ማወቅ ለጤና ጥበቃ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት ውስጥ የ37ቱ ቁመት ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኝቷል። የዚህ ጉዳት ምክንያት የምግብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዘወትር አንድ ዐይነት ምግብ መመገብና ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ ተቅማጥም ትልቅ ድርሻ አላቸው። በሕይወት የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የጐደለውን በኋላ መተካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መምህር ልጆችን «አትክልት ብሉ» ብሎ ከማዘዙ በፊት፥ አትክልቱ ከገበታው የጠፋበትን ምክንያት ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የገዛ ታሪካችን ነው። የከብት ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ሊይዘው እንደሚችል የታወቀ ነው። የቀድሞ ሰዎች ትሉን ለማስወጣት የኮሶን ዛፍ አበባ ፈጭተው በውኃ እየበጠበጡ በየ2 ወሩ ያህል ይጠጡ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። መድኃኒቱ መራራና ሆድ የሚያውክ ስለ ነበረ፥ ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ የጥሬ ሥጋን ዕዳ በየጊዜው በገዛ ሆዳቸው ይከፍሉ ነበር፤ ቢሆንም ጥሬ ሥጋ አልተተወም። የሠርግና የበዓል፥ የወዳጅነትና የክብር ምልክት ስለ ሆነ፥ ጉዳቱን ማወቅ ብቻ ልማዱን ሊያሸንፈው አልቻለም። ሥጋው እስከ ውስጡ ድረስ ቢበስል የትሉ ዘር እንደሚሞት ዛሬ እናስተምራለን፤ ነገር ግን ልማዱ የሚያስገኘውን ክብር ሳንረዳ የምንሰጠው ምክር ሰሚ አያገኝም።

2ኛ፤ የገበያው ቅርበትና ዋጋው

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ትልቁ የአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ፤ አራዳም ፒያሳ የሚለውን የጣልያን ስም ተቀበለች። ፓስታና ማኪያቶም ከዚያን ጊዜ ወዲህ በከተማው ሰው ዘንድ እየተለመዱ ሄዱ። ምግቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ በደጁ ሲሸጥ እያየ ያደገ ልጅ እንደ አባቱ ምግብ ይቈጥረዋል።

ፒያሳ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአትክልት ተራ መገኛ ሆና ቆየች። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፥ መጨናነቁ አደጋ እንዳያስከትል አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለከተማ ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። እንደዚህ ያለ ለውጥ ሲደረግ የሰው ጣዕም ወዲያው አይለወጥም፤ ወደ ምግቡ የሚወስደው መንገድ ግን ይለወጣል። ጉልት በአጠገቡ ያለ ቤተ ሰብ ቲማቲምና ጎመን በየቀኑ በጥቂቱ ይገዛል። ጉልቱ ሲርቅ ግን ሽሮና ምስር ደረቅ ስለ ሆኑ ለወር ተገዝተው ይቀመጣሉ፤ ከገበታ ቀድሞ የሚቀረው ቶሎ የሚበላሸው አትክልት ነው።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የኢትዮጵያ የምግብ ዋጋ ጥናት፥ ከ2007 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሰውነትን የሚገነቡና ከበሽታ የሚጠብቁ ምግቦች ሁሉ ከአጠቃላዩ የዋጋ ንረት በላይ ከ19 እስከ 62 በመቶ እንደ ተወደዱ፥ የዘይትና የስኳር ዋጋ ግን በአንጻሩ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። እንግዲህ አንዲት እናት እንቁላሉን ትታ ለልጇ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ ብትሰጥ፥ ከስንፍና ወይም ካለማወቅ ልንቈጥርባት አይገባም። ከእርሷ አስቀድሞ ገበያው መርጦላታልና።

3ኛ፤ የሌላው ሰው ምሳሌነት

እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአራዳ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት እንግዳና አሳፋሪ ነገር ስለ ነበረ ተመጋቢ ጠፍቶ ነበር ይባላል። በመጨረሻ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በልተውም ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላውም ሰው ደፍሮ ይገባ ጀመር ሲሉ ያወራሉ። የምግቡ ጣዕም ከትናንት ወደ ዛሬ አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው የበላተኛው ማንነት ነው።

ይኸው ነገር በሕፃናት ላይ ተመርምሮ ተረጋግጧል። ሊያን በርች የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ አንድን አትክልት የማይመርጥ ትንሽ ልጅ ያንኑ ከሚወዱ እኩዮቹ ጋር ለጥቂት ቀናት በአንድ ገበታ ቢቀመጥ እርሱም መምረጥ እንደሚጀምር አሳዩ። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ ነገር ተገነዘቡ፤ ይኸውም ልጅን «ይህን ብትጠጣ ሽልማት እሰጥሃለሁ» ማለት ለጊዜው ያስጠጣዋል እንጂ፥ ለመጠጡ ያለውን ፍቅር ይቀንሰዋል። አዲስ ምግብን ልጅ ወዲያው ባይቀበለው መደናገጥ አይገባም፤ ያለ ቁጣና ያለ ማስገደድ 8 ወይም 10 ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፥ በጥቂት በጥቂቱ ማቅመስ ያስፈልጋል። ከዚህም የሚቀድም አለ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ እናቶች ልጆች የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ በደስታ ተቀብለዋል።

4ኛ፤ ጾምና የወጥ ቤቱ ሥርዓት

በኢትዮጵያ ስለ ምግብ ምርጫ የሚናገር ሰው ጾምን ሊዘነጋ አይችልም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። በጾም ወራት ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የወተት ፈላጊው ቁጥር ያንሳል። ካርል ኤሪክ ክኑትሶንና ሩት ሴሊኑስ የተባሉት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ከሥነ ምግብ ጋር አያይዘው ጥናት አሳትመዋል።

የጾም ምግባችን በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። እንጀራ ከምስር፥ ከሽሮና ከጎመን ጋር ሲበላ የእህሉና የጥራጥሬው ፕሮቲን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ችግሩ የሚነሣው ጾም በማይመለከተው ሕፃን ላይ ነው። ሕፃናት ለመጾም አይገደዱም፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፥ ብዙ እናቶች የጾም ድስትና ማንኪያ በወተትና በእንቁላል እንዳይነካ በመሥጋት በዚያ ወራት ለሕፃኑ የፍስክ ምግብ አያዘጋጁም። እንግዲህ የሕፃኑን እንቁላል የከለከለው የዕቃ ማነስ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ ብቻ የሚያገለግል አንዲት ትንሽ ድስት፥ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። በዚህ የእናቲቱም ጾም አይፈርስም፥ የሕፃኑም ዕድገት አይጓደልም።

5ኛ፤ የቆሻሻ ፍርሃት

በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ የአዲስ አበባ ተማሪዎች የምግብ ምርጫቸውን የሚወስነውን ነገር በፎቶግራፍ እያነሡ እንዲያስረዱ ተደርጎ ነበር። ወጣቶቹ «ጤናማ ምግብ» ሲባል ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ንጽሕናን ነው፤ በአያያዝ ጉድለት የተበከለ ወይም ኬሚካል የነካው ምግብ ያሠጋቸው ነበር። ሥጋታቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ከመንገድ ዳር ያለውን ሰላጣ ፈርቶ በወረቀት ወደ ታሸገ ብስኩትና ወደ ለስላሳ መጠጥ የሚሸሽ ልጅ፥ ከአንዱ አደጋ ሲያመልጥ ወደ ሌላው ይገባል። መታሸግ ንጹሕ ያደርግ ይሆናል እንጂ ገንቢ አያደርግም።

ስለዚህ ንጽሕናን የምናስተምረው አትክልትን ለማስፈራት ሳይሆን አትክልትን ለማስመለስ መሆን አለበት። እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለጡ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፥ ጎመንን አብስሎ በትኩሱ መብላት፥ ብርቱካንና ሙዝን የመሰለውን ልጦ መብላት ይገባል።

6ኛ፤ ከስብከት ይልቅ ውይይት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የሥጋ እጥረት ስለ ነበረ፥ መንግሥት ሕዝቡ ልብና ኩላሊትን የመሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲበላ ፈለገ። ለአሜሪካ የቤት እመቤት ይህ አስጸያፊ ነበር፤ ዱለት በበዓል ጧት በናፍቆት ለሚጠበቅበት ለአራዳ ሰው ግን ነገሩ ሊያስቅ ይችላል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የሥነ ልቡና ሊቅ ኩርት ሌዊን እመቤቶቹን በቡድን ከፍለው ፈተኑ። ለአንዳንዶቹ ቡድኖች መልካም ንግግር ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ ግን ችግሩን እርስ በርሳቸው ተወያይተው በመጨረሻ እጃቸውን በማንሣት ወሰኑ። በኋላ ሲጠየቁ፥ ንግግር ከሰሙት ውስጥ ምግቡን በቤታቸው ያቀረቡት ከ100 3 ብቻ ሲሆኑ፥ ተወያይተው ከወሰኑት ግን ከ100 32 ሆኑ። ሌዊን ደግሞ ምግብ ወደ ገበታ የሚገባበትን በር የምትጠብቀው በአብዛኛው የቤት እመቤቲቱ መሆኗን አስረዱ፤ ስለዚህ በረኛዋን ያላማከረ ትምህርት ከደጅ ይቀራል።

ለመምህራን

በ2014 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ በየቀኑ ልዩ ልዩ ዐይነት ምግብ እንድንበላ፥ ጥራጥሬን፥ አትክልትንና ፍራፍሬን እንድናዘወትር፥ ጨውንና ስኳርን እንድንቀንስ ይመክራል። ምክሩ ወደ ገበታ እንዲገባ ግን በሮቹን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ወር መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከተሉትን እንዲሠሩ እናሳስባለን።

ሀ) እያንዳንዱ ተማሪ በ3 ቀን ውስጥ የበላውን ይመዝግብ፤ በአጠገቡም ምክንያቱን፥ ማለት ዋጋ፥ ቅርበት፥ ልማድ፥ ጓደኛ ወይም ፍርሃት ብሎ ይጻፍ። ድኻ ቤት ያለው ልጅ እንዳያፍር መዝገቡ ስም አይጻፍበት።

ለ) ከትምህርት ቤቱ ደጅ አንሥቶ እስከ ቅርቡ ጉልት ድረስ የሚሸጠውን ምግብ ሁሉ ይቍጠሩ፤ ከዚያም ስንቱ ፍሬ ወይም አትክልት እንደ ሆነ ይለዩ።

ሐ) መምህሩ ንግግር ከማድረግ ተቈጥቦ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተወያይተው በመጪው ሳምንት ሊፈጽሙት የሚችሉትን አንድ ለውጥ ይወስኑ። በወላጆች ስብሰባም ይኸው ይደረግ።

ልጅን ስለ በላው ነገር ከመውቀስ ይልቅ፥ መልካሙ ምግብ በዋጋው እንዲደረስበት፥ በደጅ እንዲገኝ፥ በንጽሕና እንዲያዝና ወዳጅ ሲበላው እንዲታይ ማድረግ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል። እንዲህ ከተደረገ ልጁ «ስለሚጥመኝ ነው» ሲል፥ የሚጥመው ነገር የሚጠቅመውም ሆኖ ይገኛል።