የድጓ ተማሪና የዓይን ብርሃን

በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያ የሚማር ደቀ መዝሙር ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ከፊደሉ በላይ በደቃቁ የተጻፈውንም ምልክት ከመጽሐፉ ይለያል። ለዚህ ጆሮና ድምፅ ብቻቸውን አይበቁም፤ የዓይን ብርሃን ያስፈልጋል።

ይህን ብርሃን ከሚያጠፉት ደዌዎች አንዱ ትራኮማ፥ ማለት የዓይን ማዝ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ በዚህ ደዌ እጅግ ከተጠቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። ደዌው ከታመመ ዓይን በሚወጣው ፈሳሽ፥ በእጅ፥ በአንድነት በሚያዝ ልብስና በዝንብ ይተላለፋል። በአንዲት ጎጆ ብዙ ሆነው ለሚያድሩ ተማሪዎች አደጋው የበረታ ነው። ደዌው ሲደጋገም የዓይን ቆብ በውስጡ ይጠባሰላል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል።

ዝንቡስ ከወዴት ይመጣል? ይህን ደዌ የሚያመላልሰው ዝንብ ይልቁንም የሚራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። እንግዲህ የመጸዳጃ ጕድጓድ የሚቆፍር ሰው የወንድሙን ዓይን ይጠብቃል። ይህም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 እስራኤላዊ ከሰፈር ወጥቶ ምድርን እንዲቆፍርና ዓይነ ምድሩን እንዲሸፍን አዝዟልና።

የዓለም የጤና ድርጅት ትራኮማን ለማጥፋት ያጸናው ሥርዓት አራት ክፍል አለው፤ ይኸውም የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቃናት፥ አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት መስጠት፥ ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ የሐኪም ሥራ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በመምህርና በተማሪ እጅ ናቸው።

ስለዚህ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ሦስት ነገር ይደረግ።

አንደኛ፥ የመጸዳጃው ጕድጓድ ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከምንጩም በታች በኩል ይቆፈር።

ሁለተኛ፥ ምንጩ ከብት እንዳይገባበት ይታጠር፤ የሚጠጣውም ውኃ ፈልቶ ይከደን፤ የሆድ ደዌ ከዚህ ይመጣልና።

ሦስተኛ፥ ተማሪው ቀለም ከመቀበሉ በፊት ፊቱንና እጁን ይታጠብ።

«ውኃው ሩቅ ነው፤ ለመጠጥም አልበቃ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊትን ለማጠብ ጥቂት ውኃ ይበቃል፤ ከቅል ቀስ ብሎ የሚንቆረቆር ውኃ ብዙዎችን ያዳርሳል።

መምህራን ሆይ፥ የዛሬው ተማሪ ነገ ካህን ወይም መሪጌታ ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ምእመኑም ያስተማረውን ይሰማል፥ ያደረገውንም ያያል። አንዱን ተማሪ መታጠብንና ጕድጓድ መቆፈርን ያስተማረ መምህር ደብሩን ሁሉ አስተማረ። ይህን ቸል ያለ ግን ብዙ ዘመን የደከመበት ተማሪ ምልክቱን ማየት ሲሳነው ያያል።