የቫልሃላቬገን ጎዳና ትምህርት፦ ፍጥነትና የተማሪ ሕይወት

የስዊድን ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስቶክሆልም ከተማ ቫልሃላቬገን ጎዳና ዳር ይገኛል። ሰፊውን ጎዳና በየዕለቱ በርካታ ተማሪዎች ያቋርጡታል።

እንዲህ ያለ መንገድ እንደገና ሲነደፍ ቀዳሚው ጥያቄ የመኪና ፍጥነት ነው። የስዊድን ፓርላማ በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው «ቪዥን ዜሮ» የተሰኘው ፖሊሲ፣ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስሕተቱ ግን ሕይወቱን ሊያስከፍለው አይገባም ከሚል መርሕ ይነሣል።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ 30 ከሚጓዘው 2.8 እጥፍ ገደማ ጉልበት ይይዛል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀትም በዚያው መጠን ይረዝማል።

ስለዚህ የፍጥነት ምልክት መትከል ብቻ አይበቃም። የጠበበ መስመርና ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ አሽከርካሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያስገድዱታል፤ የመንገድ አካፋይ ደግሞ ለእግረኛው መቆሚያ ይሰጠዋል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ለሚሻገር ተማሪም ስሌቱ ያው ነው።